ዕቃ መሸከፍ በስፓኒሽ፦ ከሐዋሳ ወደ ደቡብ ለሚነሡ ሹፌሮችና አስጎብኚዎች

ከሐዋሳ ተነሥቶ በአርባ ምንጭና በኮንሶ በኩል ወደ ጂንካና ቱርሚ እንግዳ የሚያመላልስ ሹፌር ወይም አስጎብኚ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ሲገጥሙት ቋንቋው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ስለ ሐይቁ ወይም ስለ ኮንሶ እርከን ሲያስረዳ አይደለም። ለማስረዳቱ በመጠኑም ቢሆን እንግሊዝኛ አለ፤ ካልሆነም አስተርጓሚ ይቀጠራል። ችግሩ የሚመጣው ማለዳ በሆቴሉ ግቢ ውስጥ አራት እንግዶች ሻንጣቸውን ይዘው ላንድ ክሩዘሩን ሲከቡት፣ አንዱ ከባዱን ሻንጣ በካሜራ ቦርሳው ላይ ሲጭን፣ ሌላዋ ደግሞ መንገድ ላይ የምትጠጣውን ውኃ ከሁሉ ሥር ስትቀብረው ነው። በዚያች ሰዓት አስተርጓሚው ሒሳብ እየከፈለ ወይም ቁርሱን እየጨረሰ ስለሚሆን ሹፌሩ ጭነቱን በእጅ ምልክትና በፈገግታ ብቻ ለማስተካከል ይገደዳል። ይህ ጽሑፍ የሚያስተምረው ለዚያች ሰዓት የሚበቃውን ስፓኒሽ ነው።

የቋንቋ መማሪያ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ ከሰላምታ፣ ከቀለማትና ከቁጥር ይጀምሩና ትእዛዝ አንቀጽን ወደ ኋላ ያስቀሩታል። ዕቃ ለሚያስጭን ሰው ይህ ቅደም ተከተል የሚጠቅም አይመስለኝም። እኔ የምመክረው መጀመሪያ ምንም ዓይነት የግሥ እርባታ የማይጠይቁትን ሁለት አነጋገሮች ይዞ ሥራ መጀመርን፣ ትእዛዙን ከዚያ በኋላ በአክብሮት መልኩ ብቻ መማርን፣ “አንተ” እና “አንቺ” የሚባልበትን መልክ ደግሞ እስከ መጨረሻው ማቆየትን ነው።

ስለ ንባቡ

ስፓኒሽ ያሉት አናባቢ ድምፆች አምስት ብቻ ሲሆኑ እነርሱም በእኛ ፊደል ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ ናቸው። የግእዙ “ኧ” እና የሳድሱ “እ” በስፓኒሽ ውስጥ አይገኙም። ስለዚህ ከዚህ በታች ባሉት ሐረጎች ውስጥ ሳድስ ፊደል ሲያጋጥማችሁ ተነባቢውን ብቻ አሰሙና ምንም አናባቢ ሳታስገቡ ወደሚቀጥለው ፊደል እለፉ፤ አማርኛ ተናጋሪን ከሁሉ ቀድሞ የሚያሳብቅበት በሁለት ተነባቢዎች መካከል የሚያስገባው ይህ “እ” ነው። ፓ፣ ታ እና ካ ደግሞ ወደ ጳ፣ ጣ እና ቃ እንዳይለወጡ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በ“ኸ” የጻፍሁት ድምፅ በስፔን ከጉሮሮ ጠንከር ብሎ ይወጣል፤ በኩባና በአካባቢዋ ግን እንደ “ሀ” ለስለስ ስለሚል በሁለቱም መንገድ ብትናገሩት ትሰማላችሁ። “ቨ” የሚባል ድምፅ ደግሞ የለም፤ በላቲን ፊደል በሁለት የተለያዩ ፊደላት የሚጻፉት ሁሉ “በ” ተብለው ይነበባሉ። በዚህ ምክንያት በስፔን የመኪና ፖርቶ መጋላና ላም በጽሑፍ ቢለያዩም በንግግር ሁለቱም “ባካ” ናቸው፤ ሻንጣዎቹ “ባካ” ላይ ይውጡ ሲባል ግን ላሟን የሚያስብ ሰው የለም።

ሁለት “ር” የጻፍሁበት ቦታ ይጠብቃል፤ “በረረ” ስንል መካከለኛዋን “ረ” እንደምናጠብቃት ማለት ነው። በቃል መነሻ ላይ የሚመጣው “ር” ምንጊዜም ስለሚጠብቅ በአንድ ፊደል ጽፌዋለሁ። ጥብቀትና ልስላሴ ለእኛ የዕለት ተዕለት ነገር ስለሆነ ብዙ የሌላ አገር ተማሪዎች የሚታገሉት ይህ ድምፅ እኛን አያስቸግረንም። “ጓ” እና “ኳ” የመሳሰሉት ዲቃላ ፊደሎቻችንም እዚህ ሥራ ያገኛሉ። ኃይል የሚያርፈው አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው ቀድሞ ባለው ክፍለ ቃል ላይ ነው፤ በ“ማሌታ” ውስጥ “ሌ” ላይ ይወድቃል። ቃሉ በ“ር” ወይም በ“ል” ሲያልቅ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ መጨረሻው ይሄዳል፤ “ፖኔር” ሲባል “ኔ” ከፍ ብላ ትሰማለች።

በ“ባ” መጀመር

“ኤስቶ ባ አባኾ።” ይህ ታች ነው የሚገባው ማለት ነው። “ኤስቶ” ይህ፣ “ባ” ይሄዳል፣ “አባኾ” ደግሞ ታች ነው። ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ራሳቸው ዕቃ ሲያስተካክሉ ከሁሉ አብልጠው የሚጠቀሙበት አነጋገር ይህ ነው፤ ማንንም ስለማያዝ አያስቀይምም፤ የሚናገረው ሰው ማንም ይሁን፣ የሚነገረውም ስንትም ይሁን መልኩን አይለውጥም። ዕቃው ከአንድ ሲበልጥ ብቻ “ባ” “ባን” ትሆናለች። በጣት ዕቃውን አመልክቶ “ኤስቶ ባ” ካሉ በኋላ የቀረው ሥራ የቦታውን ስም መናገር ነው። ላይ “አርሪባ”፣ ውስጥ “ዴንትሮ”፣ በሌላ ዕቃ ላይ ተደርቦ ሲሆን “ኤንሲማ”፣ ከሁሉ ወደ ውስጥ ወይም ከሥር “አል ፎንዶ”፣ መካከል “ኤን ሜዲዮ”፣ ጎን “አል ላዶ”፣ ከፊት “ዴላንቴ”፣ ከኋላ “ዴትራስ”፣ እዚህ “አኪ”፣ እዚያ “አዪ” ይባላል። ቦታው ትክክል ካልሆነ “ኖ” በመጨመር “ኤስቶ ኖ ባ አኪ” ይባላል። እንግዶቹ ደግሞ “ዶንዴ ባ ኤስቶ?” እያሉ ይጠይቃሉና፣ ይህ የት ይግባ ማለታቸው ስለሆነ፣ ይህችን ጥያቄ ጆሯችሁ እንዲለያት አድርጉ።

መያዣዎቹን በስማቸው ማወቅ ይረዳል። ሻንጣ “ላ ማሌታ”፣ በጀርባ የሚታዘለው ቦርሳ “ላ ሞቺላ”፣ ፌስታልም ሆነ የእጅ ቦርሳ “ላ ቦልሳ”፣ ሣጥን ወይም ካርቶን “ላ ካኻ” ነው። አራቱም በ“ኣ” የሚያልቁና በሴት ጾታ የሚጠሩ ስለሆኑ “ላ” ብቻ ይዞ መሄድ ይቻላል፤ ሲበዙ “ላስ ማሌታስ”፣ “ላስ ካኻስ” ይሆናሉ። ከጣሊያንኛ ወደ አማርኛ የገቡት ቃላት እዚህ ላይ ይከፍሉናል፤ “ቦርሳ” የሚል ሰው “ቦልሳ”ን፣ “ካልሲ” የሚል ሰው “ካልሴቲኔስ”ን ለመያዝ አይቸገርም። “ካርቶን” ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። እኛ ካርቶን የምንለው ሣጥኑን ራሱን ሲሆን በስፓኒሽ ቃሉ የተሠራበት ወፍራም ወረቀት ስም ነው፤ ሣጥኑን ሲፈልጉ “ላ ካኻ” ወይም “ላ ካኻ ዴ ካርቶን” ማለት አለብዎት።

አማርኛ “ከባድ ከባዱ ታች፣ ቀላል ቀላሉ ላይ” ሲል የዕቃውን ስም ሳይጠራ በጠባዩ ብቻ እንደሚለየው፣ ስፓኒሽም በቅጽሉ ፊት “ሎ” በማስገባት ይህንኑ ያደርጋል። “ሎ ፔሳዶ” ከባድ ከባዱ፣ “ሎ ፍራኺል” በቀላሉ የሚሰበረው፣ “ሎ ሞኻዶ” እርጥቡ፣ “ሎ ሱሲዮ” የቆሸሸው፣ “ሎ ሊምፒዮ” ንጹሑ ነው። እንግዲህ “ሎ ፔሳዶ ባ አባኾ፣ ሎ ፍራኺል ባ አርሪባ” የሚለውን አንድ ዓረፍተ ነገር በቃሉ የያዘ ሹፌር የዕቃዎቹን ስም አንድም ሳያውቅ ሙሉ መኪና ማስጫን ይችላል። “ላስ ማሌታስ ባን ኤን ላ ባካ” ሲል ሻንጣዎቹ ፖርቶ መጋላው ላይ ይወጣሉ፤ “ላስ ሞቺላስ ባን ዴንትሮ” ሲል በጀርባ የሚታዘሉት ቦርሳዎች ወደ ውስጥ ይገባሉ።

ሁለተኛው አነጋገር፦ “አይ ኬ”

ቦታ መናገር ብቻ የማይበቃበት፣ እጠፉ፣ ዝጉ፣ እሰሩ ማለት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ “አይ ኬ” ብለው ግሡን እንደ መዝገበ ቃላት ሳያረቡ ያስከትሉታል፤ “ማጠፍ ያስፈልጋል”፣ “መዝጋት ያስፈልጋል” እንደምንለው መሆኑ ነው። “አይ ኬ ዶብላር ላ ሮፓ” ልብሱን ማጠፍ ያስፈልጋል፣ “አይ ኬ ሴርራር ላ ማሌታ” ሻንጣውን መዝጋት ያስፈልጋል፣ “አይ ኬ ታፓር ላስ ማሌታስ ኮን ላ ሎና” ሻንጣዎቹን በሸራ መሸፈን ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህ የመጨረሻው በዝናብ ወቅት ለዝናቡ፣ በደረቅ ወቅት ለአቧራው ከሐዋሳ በታች በየቀኑ የሚያስፈልግ ስለሆነ ቀድሞ መያዝ አለበት። “አይ ኬ ዴኻር ኤል አጓ አ ማኖ” የሚለው ደግሞ ውኃው በቀላሉ ከሚደረስበት ቦታ ይቅር የሚል ነው፤ “አ ማኖ” ሲባል እጅ የሚደርስበት ቦታ ማለት ስለሆነ ለመድኃኒት፣ ለካሜራና ለፀሐይ ባርኔጣም ያገለግላል።

ለእነዚህ ዓረፍተ ነገሮች የሚያስፈልጉት ግሦች ከአሥር አይበልጡም። ወደ ውስጥ ማስገባት “ሜቴር”፣ ማውጣት “ሳካር”፣ ማስቀመጥ “ፖኔር”፣ ማጠፍ “ዶብላር”፣ መጠቅለል “ኤንቦልቤር”፣ መዝጋት “ሴርራር”፣ መሸፈን “ታፓር”፣ ማሰር “አታር”፣ መተው ወይም ማቆየት “ዴኻር”፣ በቦታው አስቀምጦ መጠበቅ “ጓርዳር” ነው። በዚህ ደረጃ ላይ የሚያቆም ሰው ሥራውን ይሠራል፤ ቀጥሎ ያለው ንግግሩን ለማፍጠንና ለማሳመር ይጠቅማል።

ትእዛዙ

ስፓኒሽ እንደ አማርኛ ሰውን በክብር ደረጃው ይለያል። ለቅርብ ሰው “ቱ”፣ ለሚከበር ሰው “ኡስቴድ”፣ ለብዙዎች “ኡስቴዴስ” ይባላል፤ በስፔን ደግሞ ለሚቀርቧቸው ብዙ ሰዎች “ቦሶትሮስ” የሚል ሌላ መጠሪያ አለ። እንግዶቹ ስፔናውያን ከሆኑ እርስ በርሳቸው “ፖኔድ”፣ “ሜቴድ”፣ “ሳካድ” ሲባባሉ ትሰማላችሁ። ያ ለጆሮ ብቻ ይሁን። በአፋችሁ የሚገባው “ኡስቴዴስ” ነው፤ በላቲን አሜሪካ ለብዙ ሰው የሚባለው እርሱ ብቻ ሲሆን በስፔንም ቢሆን ከሹፌር አፍ ሲወጣ ጨዋነት ሆኖ ይሰማል።

የአክብሮቱን ትእዛዝ አስቀድሞ የመማር ጥቅም ሌላም አለ። እኛ ለታላቅ ሰው “ይግቡ”፣ “ያስቀምጡ” ስንል የትእዛዙን ቅርጽ ከሦስተኛ መደብ እንደምንዋስ ሁሉ ስፓኒሽም ለ“ኡስቴድ” የሚለው ትእዛዝ የሦስተኛ መደብ ቅርጽ ያለው ነው፤ በአዎንታም በአሉታም አይለወጥም። “ፖንጋ” ያስቀምጡ ነው፤ “ኖ ፖንጋ” አያስቀምጡ ነው። ለ“ቱ” ግን “ፖን” አስቀምጥ ከሆነ በኋላ “ኖ ፖንጋስ” አታስቀምጥ ይሆናል፤ “ና” ያልነውን ሰው ለመከልከል “አትምጣ” እንደምንለው መልኩ ፈጽሞ ይለያያል። አንድ መልክ ተምሮ ሁለት ሥራ መሥራት እየተቻለ ሁለት መልክ ተምሮ መደናገር የማንም ፍላጎት አይመስለኝም።

አሠራሩ ቀላል ነው። በ“ኣር” የሚያልቅ ግሥ ጭራውን ወደ “ኤ” ይለውጣል፤ በ“ኤር” ወይም በ“ኢር” የሚያልቀው ወደ “ኣ” ይለውጣል፤ የሚታዘዙት ብዙ ከሆኑ “ን” ይጨመራል። ስለዚህ ከ“ዶብላር” “ዶብሌን” እጠፉ፣ ከ“ሳካር” “ሳኬን” አውጡ፣ ከ“ጓርዳር” “ጓርዴን”፣ ከ“ዴኻር” “ዴኼን”፣ ከ“ሜቴር” “ሜታን” አስገቡ ይወጣሉ። ጠባያቸውን የሚለውጡ ሦስት ናቸው፦ ከ“ፖኔር” “ፖንጋን”፣ ከ“ሴርራር” “ሲዬርሬን”፣ ከ“ኤንቦልቤር” “ኤንቡዌልባን”። በላቲን ፊደል ለሚጽፍ ሰው “ሳኬን” ላይ ተጨማሪ የፊደል ለውጥ አለበት፤ በእኛ ፊደል ግን “ካ” “ኬ” ከመሆኗ በቀር የምትለውጠው ነገር የለም።

አማርኛ ተናጋሪ ከሌሎች ተማሪዎች ቀድሞ የሚሄድበት ቦታ ቀጥሎ ያለው ነው። “ያስገቡት”፣ “ይጠፏት” ስንል ተሳቢው ዕቃ በግሡ ጫፍ ላይ ይለጠፋል። ስፓኒሽም ለወንዴው ስም “ሎ”ን፣ ለሴቴው “ላ”ን፣ ለብዙው “ሎስ” ወይም “ላስ”ን በትእዛዙ ጫፍ ይለጥፋል። ስለ ሻንጣው ሲናገሩ “ፖንጋንላ አባኾ” ታች አስቀምጧት፣ ስለ ሣጥኖቹ ሲናገሩ “ሳኬንላስ” አውጧቸው ይላሉ። ስም ደጋግሞ መጥራት ስለሚቀር ንግግሩ ያጥራል፤ ኃይሉም የተለጠፈው ሳይቆጠር ቀድሞ በነበረበት ክፍለ ቃል ላይ ይቀራል። የሚለያዩት በአሉታ ጊዜ ነው። እኛ “አታስገቧት” ስንል ተለጣፊውን ከጫፍ አናነሣውም፤ ስፓኒሽ ግን ነቅሎ ከግሡ ፊት ያቆመዋል፦ “ኖ ላ ፖንጋን አዪ” እዚያ አታስቀምጧት። ሁለቱን ጥንድ አድርጎ “ፖንጋንላ አኪ፣ ኖ ላ ፖንጋን አዪ” እያሉ ሻንጣ በእጅ ይዞ መለማመድ ደንቡን ከማስታወስ ይሻላል።

“ፖር ፋቦር” በዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ላይ ሲጨመር ትእዛዙን ወደ ልመና ያቀርበዋል፤ “ኮን ኩዊዳዶ” በጥንቃቄ፣ “ዴስፓሲዮ” ቀስ ብሎ ነው። “ኩዊዳዶ!” ብቻውን ከተጮኸ ተጠንቀቁ ስለሚሆን ሻንጣ ከፖርቶ መጋላው ሲንሸራተት ከሌላው ሁሉ ይቀድማል።

ጀበና በሻንጣ ውስጥ

የሐዋሳ ገበያን ያየ እንግዳ ቡናና ጀበና ሳይገዛ አይሄድም፤ ከሁሉም የሚያስቸግረው የጀበናው አሸካከፍ ነው። የሸክላ ጀበና ቀድሞ የሚሰነጠቀው በአንገቱና በእጀታው በኩል ስለሆነ ውስጡ ተሞልቶ፣ ውጩ ተጠቅልሎ፣ ከሻንጣው ጠርዝ ርቆ መካከል ላይ መቀመጥ አለበት። በዕድሜ ከፍ ያሉ አንዲት እንግዳ ሻንጣቸውን አልጋ ላይ ከፍተው ሲጠይቁ የሚደረገው ንግግር ይህን ይመስላል።

“ዶንዴ ባ ላ ካፌቴራ?”

“ኤን ላ ማሌታ ግራንዴ፣ ኤን ሜዲዮ። ፕሪሜሮ፣ ሬዬኔላ ኮን ካልሴቲኔስ።”

“ኮን ካልሴቲኔስ?”

“ሲ፣ ሴኞራ። ሊምፒዮስ፣ ፖር ፋቦር። አኦራ ኤንቡዌልባላ ኤን ላ ቶአያ።”

“አሲ?”

“አሲ። ኢ ኖ ፖንጋ ናዳ ኤንሲማ።”

ሴትዮዋ የቡና ማፍያው የት እንደሚገባ ጠየቁ፤ አስጎብኚው በትልቁ ሻንጣ መካከል መሆኑን ነግሯቸው መጀመሪያ ውስጡን በካልሲ እንዲሞሉት አዘዘ። በካልሲ መባሉ ሲያስገርማቸው “አዎ፣ እመቤት፤ ንጹሕ ይሁን እባክዎ” ብሎ ቀጠለና አሁን በፎጣ ይጠቅልሉት፣ ላዩም ላይ ምንም አያስቀምጡ አለ። “አሲ” እንዲህ ማለት ሲሆን በጥያቄም በመልስም ይሆናል። የታዘዙት አንድ ሰው በመሆናቸው ትእዛዞቹ “ን” እንዳልጨመሩ፣ ዕቃዋ በሴት ጾታ ስለምትጠራም “ላ” እንደተለጠፈባቸው ልብ ይሏል። የሸክላ መሆኑን መናገር ካስፈለገ “ላ ካፌቴራ ዴ ባርሮ” ይባላል። የተፈጨ ቡና “ካፌ ሞሊዶ”፣ ያልተፈጨው “ካፌ ኤን ግራኖ” ነው፤ ሁለቱም “ባን ኤን ኡና ቦልሳ ሴርራዳ” በታሸገ ቦርሳ ይገባሉ። ይህ ካልሆነ ሽታው የእንግዳውን ልብስ ሁሉ ይዞ ይሄዳል፤ ይህን የሚወዱም አሉ።

እነርሱ የሚመልሱላችሁ

ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው ቅሬታ መስማቱ አይቀርምና አራት አጫጭር መልሶችን በጆሮ መያዝ ይገባል። “ኖ ካቤ” አይበቃውም፣ አልገባ አለ ነው። “ኖ ሲዬርራ” አልዘጋ አለ ነው። “ፔሳ ሙቾ” በጣም ይከብዳል፣ “ሴ ሮምፔ” ይሰበራል ማለት ነው። ከአራቱ በብዛት የምትሰሙት የመጀመሪያውን ይሆናል። መልሱም ብዙውን ጊዜ “ሲ ካቤ፤ ሳኬ ሎስ ሳፓቶስ ኢ ፖንጋሎስ አል ላዶ” ነው፤ ይገባል፣ ጫማዎቹን ያውጡና በጎን ያስቀምጧቸው። ሲፈጥኑባችሁ “ማስ ዴስፓሲዮ፣ ፖር ፋቦር” በማለት ቀስ እንዲሉ ለምኑ፤ ሥራው ሲያልቅ “ያ ኤስታ” በቃ፣ አለቀ ይባላል። መኪናው ከመነሣቱ በፊት “ኤስታ ቶዶ?” ሁሉም አለ ወይ ብሎ መጠየቅና “ፋልታ ኡና ማሌታ” አንድ ሻንጣ ይጎድላል የሚለውን መልስ ለይቶ መስማት ከአርባ ምንጭ ከመመለስ ያድናል።

አገር በተለወጠ ጊዜ

ስፓኒሽ በ20 ያህል አገሮች የመንግሥት ቋንቋ ስለሆነ የአንዱ አገር የዕቃ ስም በሌላው ላይሠራ ይችላል። ሻንጣ በአርጀንቲና “ባሊኻ” ነው። የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ በስፔን “ማሌቴሮ”፣ በሜክሲኮ “ካኹዌላ”፣ በአርጀንቲናና በኮሎምቢያ “ባኡል” ይባላል። ይህን ሁሉ መሸምደድ አያስፈልግም፤ “ዴትራስ” ብሎ ወደ ኋላ ማመልከት በየትኛውም አገር ሰው ዘንድ ይበቃል። መጠንቀቅ የሚገባው አንዱን ቃል ነው። በስፔን “ኮኼ” ያዝ፣ አንሣ የሚል ንጹሕ የዕለት ቃል ሲሆን በሜክሲኮና በአርጀንቲና ግን ስለ ግብረ ሥጋ የሚነገር ስድ ቃል ነው። እንግዶቹ ከየት እንደመጡ ለማያውቅ ሹፌር “ቶሜ” ወይም “አጋርሬ” ማለት የተጠበቀ ነው፤ ሁለቱም ይያዙ ማለት ናቸው።

ወደ አውሮፕላኑ ቀን ሲደረስ

ጉዞው አልቆ እንግዶቹ ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ትእዛዙ ይለወጣል፤ አሁን የሚታሰበው ስለ አየር ማረፊያው ነው። ፓወር ባንክና ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእሳት አደጋ ምክንያት በጭነት ሻንጣ ውስጥ አይፈቀዱምና “ላስ ባቴሪያስ ባን ኤን ኤል ኤኪፓኼ ዴ ማኖ” በእጅ በሚያዘው ዕቃ ውስጥ ይግቡ ማለት ያስፈልጋል። ፈሳሽ ነገር በተቃራኒው፣ በብዙ አየር ማረፊያዎች ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በሆነ ዕቃ በእጅ ስለማይያዝ፣ ማሩና ሻምፑው “ባን ኤን ላ ማሌታ ግራንዴ”። በብዙ ዓለም አቀፍ በረራዎች የአንድ ጭነት ሻንጣ ክብደት 23 ኪሎ ነው፤ ሚዛኑ 25 ካሳየ “አይ ኬ ሳካር ዶስ ኪሎስ” ሁለት ኪሎ መውጣት አለበት።

ወደ ስፔን የሚሄዱት ቅቤና ቋንጣ በስጦታ ከተቀበሉ ሊነገራቸው ይገባል፤ የአውሮፓ ኅብረት እንደ ኢትዮጵያ ካሉ አገሮች የሚመጡ መንገደኞች የወተትና የሥጋ ውጤቶችን በሻንጣ እንዲያስገቡ አይፈቅድም። “ላ ማንቴኪያ ኖ ባ። ላ ካርኔ ሴካ ታምፖኮ።” ቅቤው አይሄድም፤ ቋንጣውም እንዲሁ። ሰጪው በአጠገቡ ቆሞ ከሆነ ይህን በስፓኒሽ ብቻ መናገር ለሁሉም ይበጃል።

ልምምዱ

እነዚህን ሐረጎች በወረቀት ላይ እያዩ መደጋገም ብዙ አያራምድም። ጄምስ አሸር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው የቋንቋ ማስተማሪያ ዘዴ ተማሪው አስቀድሞ ትእዛዝ እየሰማ በአካሉ እንዲፈጽም፣ መናገሩን ቆይቶ እንዲያስከትል የሚያደርግ ነው፤ ለዕቃ መሸከፍ ከዚህ የተስማማ ዘዴ አላውቅም። ሁለት የሥራ ባልደረቦች አንድ ባዶ ሻንጣ፣ ጥቂት ልብስ፣ ጫማ፣ አንድ ሲኒና የውኃ ፕላስቲክ ይዘው ይቀመጡ። አንዱ እያነበበ ያዝዝ፤ ሁለተኛው ምንም ሳይናገር ይፈጽም። “ሜታ ሎስ ሳፓቶስ” ሲባል ሲኒውን ያስገባ ሰው የቱን ቃል እንዳልያዘ ወዲያው ይታወቃል። ሳይሳሳት መፈጸም ሲጀምር ሚናቸውን ይቀያየሩ። ብቻውን የሚለማመድ ሰው ትእዛዞቹን ቅደም ተከተላቸውን አዘበራርቆ በስልኩ ድምፁን ይቅዳና በማግሥቱ እየሰማ ይፈጽም።

ንባቡን የሚያርምላችሁ ሰው ከፈለጋችሁ ሩቅ መሄድ ላያስፈልግ ይችላል። በደርግ ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ታዳጊዎች ወደ ኩባ ተልከው፣ ብዙዎቹ ኢስላ ዴ ላ ኹቤንቱድ በምትባለው ደሴት ላይ፣ ተምረዋል። ዛሬ በመምህርነት፣ በሕክምናና በልዩ ልዩ ሙያ በየከተማው የሚገኙ ሲሆን ከእነርሱ ጋር “ጋሼ፣ ኩባ ነው አሉ የተማሩት” ብሎ ጨዋታ መጀመር የማያስደስተው ሰው አላየሁም። የሚያስተምሯችሁ የኩባ ስፓኒሽ መሆኑን ግን ዕወቁ። በቃል መጨረሻ ያለውን “ስ” ስለሚያሳሱት ወይም ስለሚውጡት “ላስ ካኻስ” በእነርሱ አፍ “ላ ካሃ” ይመስላል፤ ፌስታልንም “ኻባ” ይሉታል። መስማቱ ጆሮን ያሰፋል፤ እናንተ ግን “ስ”ን አሰሙ፣ ፌስታሉንም “ቦልሳ” በሉ።

ከእንግዶቹ ጋር ልጆች ሲኖሩ “ኡስቴድ” ማለት ያስቃል። ለልጅ “ሜቴ” አስገባ ወይም አስገቢ፣ “ሳካ” አውጣ፣ “ፖን” አስቀምጥ፣ “ዶብላ” እጠፍ፣ “ሲዬርራ” ዝጋ ይባላል፤ ስፓኒሽ በትእዛዝ ወንዱን ከሴቷ ስለማይለይ አንዱ ለሁለቱም ይሆናል። ለመከልከል “ኖ ሜታስ”፣ “ኖ ሳኬስ”፣ “ኖ ፖንጋስ” በማለት በአክብሮቱ መልክ ላይ “ስ” መጨመር ነው። ልጁ አሻንጉሊቱን በትልቁ ሻንጣ ውስጥ ቀብሮ መንገድ ላይ እንዳያለቅስ “ዴኻሎ አ ማኖ” በሉት።